በሰጠሙ ዛፎች ላይ ዓሣ ለማጥመድ የዘንግና የክር አመራረጥ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዓሣ አጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በአገራችን ዓሣ የማጥመድ ሥራ ለረጅም ዘመን ተወስኖ የኖረው በተፈጥሮ ሐይቆችና በወንዞች ላይ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለመስኖ ተብለው የተሠሩ ግድቦች ከኋላቸው አዳዲስ ሐይቆችን ፈጥረዋል። የተከዜ ግድብ የተመረቀው በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ የሚሸፍን ሲሆን፣ ስፋቱ ከጣና ሐይቅ ስፋት ከግማሽ በላይ ይሆናል።

ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ከተፈጥሮ ሐይቅ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። ይኸውም ትናንት ደን፣ ቁጥቋጦ፣ እርሻና መንደር የነበረው መሬት ዛሬ የሐይቅ ወለል መሆኑ ነው። ውኃው ከመግባቱ በፊት ምንጣሮ ቢካሄድም እንኳ ጉቶ፣ ግንድና የሸለቆ ዳር ዛፍ ይቀራል። ዓሣውም በብዛት የሚጠጋው ወደዚሁ ነው። አጥማጁ በተፈጥሮ ሐይቅ የለመደውን መረብ ይዞ ወደዚህ ሲገባ መረቡ ከዛፍ ጋር ይጠላለፋል፣ ይቀደዳል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። በብድር የተገዛ መረብ እንደዚህ ሲጠፋ ዕዳው በማኅበሩ ላይ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ እንደዚህ ባለው ቦታ ላይ በመንጠቆ፣ በክርና በዘንግ ለማጥመድ ምን ዓይነት መሣሪያ መምረጥ እንደሚገባ ያስረዳል። ዋናው ምክራችንም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ከገበያ ከሁሉ የጠነከረውን ክር መግዛት ብቻውን አያዋጣም፤ የመሣሪያው ክፍሎች ጥንካሬ በደረጃ ተለይቶ፣ መበጠስ ካለበት የሚበጠሰው ክፍል አስቀድሞ የታወቀና ዋጋው አነስተኛ መሆን አለበት።

2. ዓሣ በሰጠመ ዛፍ ዙሪያ ለምን ይሰበሰባል?

ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

ሀ) ምግብ። በውኃ ውስጥ በቆመ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ፣ ብርሃን እስከሚደርስበት ጥልቀት ድረስ፣ አረንጓዴ አልጌ ይለጠፋል። በአልጌው ውስጥ ትላትልና የነፍሳት ዕጮች ይራባሉ። ቆሮሶ አልጌውን ይግጣል፤ ሌሎች ዓሦች ትላትሉን ይለቅማሉ።

ለ) መጠለያ። ትናንሽ ዓሦች ከትላልቆቹና ከወፎች ለማምለጥ ወደ ቅርንጫፍ መካከል ይገባሉ። እነርሱን የሚበላ ትልቅ ዓሣም ተከትሎ ይመጣል። አምባዛ ቀን ቀን በግንድና በድንጋይ ሥር ተሸጉጦ ይውልና ማታ ለምግብ ይወጣል።

ሐ) ማረፊያ። በተለይ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ዛፉ የውኃውን ግፊት ስለሚሰብር ዓሣ ከኋላው ሳይደክም ይቆያል።

በባሕር ላይም የሆነው ይኸው ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ጠባብ ባሕር ብዙ መርከቦች ሰጥመዋል። እነዚህ የዛጉ ብረቶች የዓሣ መኖሪያ በመሆናቸው የአካባቢው አጥማጆች ሆን ብለው በላያቸው ያጠምዳሉ። መረብ እዚያ ስለሚቀደድ ሥራው የሚከናወነው በዘንግና በክር ነው። እዚያ ያለው ኮንገር የሚባል እባብ መሰል ዓሣ መንጠቆ እንደነከሰ ወደ መርከቡ ቀዳዳ ወደ ኋላ ይሳባል፤ እኛ ዘንድ ያለውም አምባዛ መንጠቆ ሲይዘው ወደ ጉቶው ሥር ይሮጣል። በመሆኑም የባሕሩ አጥማጅ በሰመጠ መርከብ ላይ ያገኘው መፍትሔ ለእኛም ግድብ የሚያገለግል ነው። ከዚህ ቀጥሎ ከምናቀርበው ውስጥ የማስመጫው ደካማ ክር ዘዴ ከዚያው የተወሰደ ነው።

3. መረብ ወይስ ክር?

መንጠቆና ክር መረብን ይተካል ማለታችን አይደለም። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ የሚበላ ስለሆነ በመንጠቆ በብዛት አይያዝም፤ ወለሉ ንጹሕ በሆነ ቦታ ላይ መረብ የተሻለ ነው። ነገር ግን ዛፍ ባለበት ቦታ መረብ ሁለት ጉዳት ያመጣል።

የመጀመሪያው የማኅበሩ ኪሣራ ነው። ሁለተኛው ከዚያ የባሰ ነው። የናይለን መረብ በውኃ ውስጥ እንደ ጥጥ ቶሎ አይበሰብስም። ዛፍ ላይ ተጠላልፎ የቀረ መረብ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። የተያዘው ይሞታል፣ ይበሰብሳል፤ ሽታውም ሌላ ዓሣ ይጠራል። እንደዚህ ያለው መረብ ለገበያ የማይደርስ ዓሣ የሚገድል በመሆኑ የማኅበሩን የነገ ምርት ይበላል። መረብ የጠፋበት አጥማጅም ዕዳውን ለመክፈል ሲል ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ይዞ ወደ ዳርቻ በመውጣት ጫጩት ዓሣ መሰብሰብ ይጀምራል።

በክር የሚያጠምድ ሰው ግን ቢጠፋበት የሚጠፋው አንድ መንጠቆ፣ አንድ ድንጋይና ጥቂት ክንድ ክር ነው። ስለዚህ ወለሉ ንጹሕ በሆነው ቦታ መረብ፣ ዛፍ ባለበት ቦታ መንጠቆ እንዲሆን ማኅበሩ ሐይቁን በሁለት ከፍሎ መወሰን ይኖርበታል።

ለዚህም የሚረዳው የግድቡ ውኃ ዝቅ የሚልበት ወቅት ነው። የአብዛኞቹ ግድቦቻችን ውኃ በክረምት ሞልቶ በበጋ ስለሚቀንስ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት ወር ብዙ ጉቶና ዛፍ ብቅ ይላል። የልማት ሠራተኛውና አጥማጆቹ በዚህ ጊዜ ዳርቻውን ዞረው ዛፍ ያለባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባቸዋል። ውኃው ሲሞላ ቦታውን መልሶ ለማግኘት በየብስ ላይ ያሉ ሁለት ሁለት ምልክቶችን ማስተያየት ይበቃል። ለምሳሌ በአንድ በኩል ትልቁ ቋጥኝ ከኮረብታው ጫፍ ጋር፣ በሌላ በኩል ደግሞ የብቸኛው ዛፍ ግንድ ከሸንተረሩ ጋር በአንድ መስመር የሚታዩበት ቦታ አንድ ብቻ ነው።

4. ስለ ክር

4.1 የክር ዓይነት

በገበያ የሚገኙት ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ናቸው።

ሀ) ነጠላ ናይለን። እንደ ሽቦ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ክር ነው። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ግንድ ላይ ሲፈተግ በመጠኑ ይችላል፤ ቋጠሮም በደንብ ይይዛል። ጉድለቱ መለጠጡ ነው። ሊበጠስ ሲቃረብ ከርዝመቱ 20 በመቶ እና ከዚያ በላይ ሊለጠጥ ይችላል። ለምሳሌ 30 ሜትር ክር ተለቆ በኃይል ሲሳብ 10 በመቶ እንኳ ቢለጠጥ ዓሣው 3 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የዓሣውን ድንገተኛ ግፊት ያበርዳል። በዛፍ መካከል ግን 3 ሜትር ዓሣው ቅርንጫፉን ለመዞር ይበቃዋል።

ለ) የተጎነጎነ ክር። ልዩ ጥንካሬ ካለው ፖሊኤቲሊን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ሲሆን በነጋዴዎች ዘንድ ብሬድ ይባላል። በእኩል ውፍረት ከናይለን በብዙ የጠነከረ ነው፤ መለጠጡም እስኪበጠስ ድረስ ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ስለሆነ ዓሣው ሲነካው ወዲያው ይታወቃል። ጉድለቶቹ ደግሞ ዋጋው ውድ መሆኑ፣ በሻካራ እንጨትና በድንጋይ ላይ ተወጥሮ ሲፈተግ ቶሎ መቆረጡ፣ እንዲሁም በጣም የሚያንሸራትት በመሆኑ ተራ ቋጠሮ የሚያመልጠው መሆኑ ናቸው። እጅንም እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ይህን የሚመርጥ አጥማጅ በጫፉ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆን ወፍራም ናይለን ሊቀጥልበት ይገባል።

ሥራ ለሚጀምር ማኅበር የምንመክረው ነጠላ ናይለን ነው። የመለጠጥ ጉድለቱን በሁለት ነገር መቀነስ ይቻላል፦ ጀልባውን ከዛፉ በላይ ወይም በጣም ቅርብ በማድረግ የተለቀቀውን ክር ማሳጠር፤ ክሩንም ሁልጊዜ ወጥሮ መያዝ።

4.2 ውፍረትና ጥንካሬ

የክር ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በእኩል አያድግም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ምክንያቱም ጭነቱን የሚሸከመው የክሩ መስቀለኛ ስፋት ነው። የነጠላ ናይለን ግምታዊ ጥንካሬ እንደሚከተለው ነው።

0.25 ሚሊ ሜትር — ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም
0.30 ሚሊ ሜትር — ከ6 እስከ 7 ኪሎ ግራም
0.40 ሚሊ ሜትር — ከ10 እስከ 12 ኪሎ ግራም
0.50 ሚሊ ሜትር — ከ16 እስከ 18 ኪሎ ግራም
0.60 ሚሊ ሜትር — ከ22 እስከ 25 ኪሎ ግራም

እነዚህ ቁጥሮች ክሩ አዲስ፣ ደረቅና ቋጠሮ የሌለው ሲሆን ነው። ናይለን ውኃ ሲጠጣ ከጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል። ፀሐይም ያደክመዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት ግን የቋጠሮ ነው። በክሩ መካከል ሳይታወቅ የገባ አንድ ተራ ቋጠሮ የክሩን ጥንካሬ ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት ማረም ያስፈልጋል። «10 ኪሎ ዓሣ ለመያዝ 10 ኪሎ የሚሸከም ክር ያስፈልጋል» ይባላል። ዓሣ በውኃ ውስጥ ሳለ ክብደቱን የሚሸከመው ውኃው ነው፤ ክሩ የሚሸከመው የሚዋኝበትን ኃይል ብቻ ነው። ሙሉ ክብደቱ በክሩ ላይ የሚያርፈው ከውኃ ውስጥ ወደ ላይ አንጠልጥለን ስናወጣው ነው። ስለዚህ ወፍራም ክር ከመግዛት ይልቅ እጀታ ያለው ትንሽ መረብ አዘጋጅቶ ዓሣውን ከሥሩ አቅፎ ማውጣት ይበልጣል። በዛፍ ላይ ጠንከር ያለ ክር የሚያስፈልገው ዓሣውን ለማንሳት ሳይሆን ወደ ቅርንጫፉ ሳይደርስ ፈጥኖ ለማስቆም ነው።

5. የጥንካሬ ቅደም ተከተል

መሣሪያው አራት ክፍሎች አሉት፦ ዋናው ክር፣ መንጠቆው የሚታሰርበት ቅጥያ፣ መንጠቆው ራሱ፣ እና የማስመጫው ክር። የአራቱም ጥንካሬ እኩል ከሆነ መሣሪያው ሲጠመድ የት እንደሚበጠስ አይታወቅም። ብዙውን ጊዜ ጀልባው አጠገብ፣ ፀሐይ ባደከመው ቦታ ይበጠስና 30 ወይም 40 ሜትር ክር ዛፉ ላይ ይቀራል። ይህ ክር ለሚቀጥለው አጥማጅ አዲስ እንቅፋት ይሆናል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በዋናው ክር ጫፍ ላይ ቀለበት ይታሰራል። ከዚያው ቀለበት ሁለት ክሮች ይወርዳሉ። አንደኛው 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የመንጠቆ ቅጥያ ነው። ሁለተኛው 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የማስመጫ ክር ነው። ማስመጫው ከሥር ስለሚንጠለጠል መንጠቆው ከእርሱ በላይ ይቀራል፤ በመጀመሪያ እንጨት የሚነካውም ማስመጫው ይሆናል።

የምንመክረው ደረጃ ለአምባዛና ለቢልጫ የሚከተለው ነው።

1ኛ. የማስመጫ ክር፦ 0.25 ሚሊ ሜትር። 4 ኪሎ ግራም ያህል ሲሳብ ይበጠሳል።
2ኛ. መንጠቆ፦ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ግራም ሲሳብ የሚተረተር፣ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ።
3ኛ. የመንጠቆ ቅጥያ፦ 0.50 ሚሊ ሜትር። ከነቋጠሮው 12 ኪሎ ግራም ያህል የሚችል።
4ኛ. ዋና ክር፦ 0.60 ሚሊ ሜትር። ከነቋጠሮው ከ16 ኪሎ ግራም የማያንስ የሚችል።

የዚህ ጥቅም በሥራ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። ማስመጫው በቅርንጫፍ መካከል ሲያዝ ደካማው ክር ይበጠስና መንጠቆውና ዓሣው ይመለሳሉ፤ የጠፋው ድንጋይ ብቻ ነው። መንጠቆው ራሱ እንጨት ላይ ሲተከል ደግሞ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ይተረተራል፣ ይለቃል፤ በፒንሳ ተመልሶ ይታጠፍና በሞረድ ተስሎ እንደገና ይሠራል። አንድ መንጠቆ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ በኋላ ሽቦው ስለሚደክም መጣል አለበት።

ለማስመጫ እርሳስ መግዛት አያስፈልግም። እርሳስ መርዝነት ያለው ብረት ሲሆን እየጠፋ በውኃው ውስጥ መከማቸቱም ጥሩ አይደለም። ወገቡ ቀጠን ያለ የወንዝ ድንጋይ፣ ያረጀ ብሎን ወይም የተጣለ ካንዴላ ያው ሥራ ይሠራል።

የመንጠቆ ቁጥርን በሚመለከት፣ ከ1 በታች ያሉት መንጠቆዎች ቁጥራቸው ሲጨምር መጠናቸው ያንሳል፤ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባሉ የሚጠሩት ግን ቁጥራቸው ሲጨምር መጠናቸውም ያድጋል። ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 4/0 ያሉት ይስማማሉ። ማባበያውም የምድር ትል ወይም የዓሣ ሆድ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

6. ቋጠሮና የጀሪካን ፈተና

መንጠቆን ለማሰር የሚከተለው ቋጠሮ ይበቃል። የክሩ ጫፍ በመንጠቆው ዓይን ይገባል፤ በራሱ በክሩ ላይ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ይጠመጠማል፤ ከዚያም ጫፉ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ ባለችው ትንሽ ቀለበት ያልፍና ተመልሶ በፈጠረው ትልቅ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ከመጥበቁ በፊት ቋጠሮውን በምራቅ ወይም በውኃ ማርጠብ ግዴታ ነው፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይጎዳል።

ክሩ በትክክል ስንት ኪሎ እንደሚችል ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ደግሞ በየቤቱ አለ። ፈተናው እንደሚከተለው ይካሄዳል።

ሀ) የሚፈተነው ክር ለአንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይነከራል።
ለ) አንዱ ጫፍ በጠንካራ አግዳሚ እንጨት ላይ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞ ይታሰራል። በሌላው ጫፍ መንጠቆው በተለመደው ቋጠሮ ይታሰራል። የጀሪካኑ እጀታ በወፍራም ገመድ ከመንጠቆው ጋር ይያያዛል። ጀሪካኑ ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ ማለት የለበትም።
ሐ) በጣሳ አንድ አንድ ሊትር ውኃ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ባዶው ጀሪካን ራሱ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ይደመራል።
መ) መንጠቆው የተተረተረበት ወይም ክሩ የተበጠሰበት ክብደት ይመዘገባል። ፈተናው ሦስት ጊዜ ተደግሞ ዝቅተኛው ውጤት ይወሰዳል።

ማንም ሰው ፊቱን ወደ ክሩ ማስጠጋት የለበትም፤ ተወጥሮ የተበጠሰ ናይለን ዓይን ያጠፋል። ማኅበሩ ክር በጅምላ ከመግዛቱ በፊት ከነጋዴው አንድ ጥቅል ብቻ ወስዶ በዚህ መንገድ ቢፈትን፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን ገንዘቡን ሳያወጣ ያውቃል።

7. ስለ ዘንግ

7.1 ርዝመት

ከዳርቻ የሚያጠምድ ሰው ክሩን አርቆ ለመወርወርና ከዳር ቁጥቋጦ በላይ ለማሳለፍ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ዘንግ ያስፈልገዋል። ከጀልባ ለሚያጠምድ ግን ረጅም ዘንግ ሸክም ነው። ዘንግ እንደ መፈንቀያ የሚሠራ ሲሆን ረጅሙ ጫፍ በዓሣው እጅ ነው። ከእጃችን እስከ ዘንጉ ጫፍ ያለው ርዝመት ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲያድግ ያው ዓሣ በእጃችን ላይ የሚያሳርፈው ጫና እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በዛፍ ላይ ከጀልባ ለማጥመድ ከ1.8 እስከ 2.1 ሜትር የሆነ፣ ታችኛው ክፍሉ ግትር፣ ጫፉ ብቻ የሚታጠፍ ዘንግ ይመረጣል። ከሥሩ ጀምሮ እንደ አርጩሜ የሚታጠፍ ዘንግ ዓሣውን ለማስቆም ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ዓሣው ጉቶው ሥር የሚገባበት ነው።

7.2 የተሠራበት ነገር

ሀ) ሽመል። የቆላ ቀርቀሃ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ለዘንግ በጣም ተስማሚ ነው፤ በቤንሻንጉል ጉሙዝና በተከዜ ሸለቆ አካባቢም ይበቅላል። የጎለመሰው በበጋ ተቆርጦ፣ ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ታስሮ፣ በጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንታት መድረቅ አለበት። በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ክሩ በዘንጉ ጫፍ ላይ ብቻ መታሰር የለበትም፤ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ወርዶ ከእጅ መያዣው በታች ይታሰራል። እንዲህ ከሆነ ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣውና ክሩ አይጠፉም።

ለ) የመስታወት ጭረት። ፋይበር ግላስ የሚባለው ነው። ከበድ ይላል፤ ነገር ግን በጀልባ ወለል ላይ ቢረገጥም በቀላሉ አይሰበርም። ለማኅበር የጋራ ንብረትነት ከሚገዙት ሁሉ ይህ ይሻላል።

ሐ) ካርቦን። በጣም ቀላልና ግትር ነው፤ ዋጋው ውድ ነው፤ ከጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ በማይታይ ሁኔታ ይሰነጠቅና ሥራ ላይ ይሰበራል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። በመብረቅ ጊዜና በኤሌክትሪክ መስመር ሥር አደገኛ ስለሆነ ለማኅበር አንመክረውም።

ማጠንጠኛ ያለው ዘንግ ከተገዛ የማጠንጠኛው ፍሬን ክሩ ከሚችለው ሲሶ ላይ መስተካከል አለበት። ከዛፍ አጠገብ ይበልጥ ሊጠብቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከግማሽ መብለጥ የለበትም።

ዘንግ መግዛት ለማይችል ማኅበር በእንጨት መጠቅለያ ላይ የተጠቀለለ የእጅ ክር በጥልቅ ውኃ ላይ በቂ ነው። ደረጃው በአንቀጽ 5 የተገለጸው እስከተጠበቀ ድረስ ዘንግ ስለሌለ ሥራው አይቆምም።

8. በሥራ ላይ

በመጀመሪያ ጥልቀቱ ይለካል። በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ማውረድ ይበቃል። ድንጋዩ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ጭቃ ይዞ ከወጣ በዚያ ጥልቀት ላይ ማጥመድ ድካም ብቻ ነው። በተለይ አዲስ በተሞላ ሐይቅ የሰጠመው ሣርና ቅጠል ሲበሰብስ በጥልቁ ውኃ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። በዚህ ጊዜ መንጠቆው ከዛፎቹ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ መንሳፈፍ አለበት።

ዓሣው ሲነክስ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ወሳኝ ናቸው። ክር ሳይለቀቅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተስቦ ዓሣው ከቅርንጫፉ ከ2 እስከ 3 ሜትር እስኪርቅ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሊለቀቅለትና ሊደክም ይችላል። ወደ ጉቶ ከገባ መታገሉ ክሩን ይፈትገዋል፤ ክሩን አላልቶ ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ዓሣው ራሱ ይወጣል።

መንጠቆው እንጨት ከያዘ በዘንጉ መሳብ ዘንጉን ይሰብራል። ዘንጉን ወደ ክሩ አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ፣ ክሩን በአጭር ዱላ ላይ ጠምጥሞ፣ በዱላው መሳብ ነው። ክርን በእጅ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የተያዘ ክር ከጀልባው ጎንም መታሰር የለበትም፤ ነፋስ ጀልባውን ሲገፋው ጎኑ ወደ ውኃው ዘንበል ይልና ይገለበጣል። በሰጠመ ዛፍ መካከል የወደቀ ሰው ዋናተኛም ቢሆን ቅርንጫፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ብቻን አለመውጣት፣ መንሳፈፊያ ሰደሪያ መልበስ፣ ቢላዋ በእጅ አቅራቢያ ማድረግ፣ ከግድቡ ግንብና ከውኃ ማስተንፈሻው መራቅ የማኅበሩ ሕግ መሆን አለበት። አዞና ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ከዳርቻ በእግር ውኃ ውስጥ ቆሞ ማጥመድ አይገባም።

9. እንክብካቤና መዝገብ

ከሥራ በኋላ ክሩ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይደርቅና ብርሃን በማይገባበት ሣጥን ይቀመጣል። የባትሪ አሲድ ናይለንን ስለሚበላ ክርና ባትሪ በአንድ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ሁልጊዜ ከመውጣት በፊት የመጨረሻው 5 ሜትር በሁለት ጣት መካከል ይሳባል፤ ሻካራ ቦታ ከተገኘ ከዚያ በታች ያለው ተቆርጦ ይጣላል። የተጣለውም ክር ውኃ ውስጥ ሳይሆን የብስ ላይ ተሰብስቦ ይወገድ።

እያንዳንዱ ጀልባ አንድ ደብተር ይኑረው። በደብተሩም ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ የተያዘው ዓሣ ዓይነትና ክብደት፣ የጠፋው መሣሪያና የትኛው ክፍል እንደተበጠሰ ይጻፍ። በየወሩ ደብተሮቹ ሲታዩ በአብዛኛው የተበጠሰው የማስመጫው ክር ከሆነ አሠራሩ ትክክል ነው። ዋናው ክር እየተበጠሰ ከሆነ ግን ወይ ክሩ አርጅቷል፣ ወይ ደረጃው ተዛብቷል፤ በጀሪካን እንደገና ይፈተን። የጠፋ መረብ ቦታም በዚሁ ደብተር ይመዝገብና ውኃው ዝቅ በሚልበት ወቅት ሁለት ጀልባዎች ሆነው በብረት ሜንጦ እንዲያወጡት ይደረግ።

ማኅበሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና በክልሉ ደንብ መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን፣ የተከለከለ ቦታና ወቅት መኖሩንም ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት።

10. ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን የልማት ሠራተኛው ለአጥማጆች ሲያስተምር በአምስት ነጥብ ሊያጠቃልለው ይችላል።

1. ዛፍ ባለበት ቦታ መረብ አይጣል፤ መንጠቆና ክር ይግባ።
2. ከማስመጫው ክር እስከ ዋናው ክር ጥንካሬው ደረጃ በደረጃ ይጨምር።
3. ማንኛውም ክርና መንጠቆ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ረጥቦ፣ ከነቋጠሮው፣ በጀሪካን ይፈተን።
4. ለጀልባ ዘንጉ አጭርና ግትር ይሁን፤ ሽመል ካለ ሽመል ይበቃል።
5. ክር በእጅ አይጠምጠም፤ የተያዘ ክር ከጀልባ ጎን አይታሰር።

ይህን በቀላሉ ለማሳየት የልማት ሠራተኛው በማኅበሩ ስብሰባ ቀን አንድ ጀሪካን፣ አንድ ጣሳና አንድ ጥቅል ክር ይዞ ቢገኝ ይበቃዋል። አጥማጆቹ ራሳቸው ውኃውን ይጨምሩ፣ ራሳቸው ይቁጠሩ። የትኛው ክፍል በስንት ኪሎ እንደሚለቅ በዓይናቸው ያዩ አባላት ወደ ገበያ ሲሄዱ ምን መግዛት እንዳለባቸው ያውቃሉ።